ሰይድ ወይስ ሰዒድ፦ ከደሴ እስከ መቀሌ

ፊደልን ማንም አላስተማረኝም። ከአዋጅ ወረቀትና ከሸቀጥ ሣጥን ላይ እየለቀምኩ ለብቻዬ ያወቅኩ ሰው ነኝ። በመንደራችን ውልም አቤቱታም የሚጻፈው በእኔ እጅ ነው፤ ዳኛው ጽሕፈቴን ሲያይ «ይህ የይመር ነው» ይላል። ይህን የምለው በዚህ ዕድሜዬ መቀሌ ድረስ ለምን እንደ ተጓዝኩ እንዲታወቅ ነው።

የእህቴ የዘሀራ ልጅ ሰይድ በጣሊያን ጊዜ ለመንገድ ሥራ ሄዶ ቀረ። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከመቀሌ በስሙ ደብዳቤ መጣ። «ሐዘን» በሐመሩ ሐ፣ «ዐይኔ» በዐይኑ ዐ ተጽፏል። እኔ ልጁን ያስተማርኩት በአንድ ሀ እና በአንድ አ ነው፤ የቀረው ትርፍ ነው ብዬ ትቼዋለሁ። ፊርማው ደግሞ «ሰዒድ» ይላል። ሳነብላት ዘሀራም «ልጄ እርስዎ ብሎኝ አያውቅም» አለች። የአባቱን መሬት የፈለገ አታላይ ነው ብዬ ፈረድኩ። እሷም ልጇን እንደ ሞተ ቆጥራ ሰደቃ አበላች።

ዘንድሮ አንድ የጨው ነጋዴ ሰይድን መቀሌ ጨርቅ ሲሸጥ እንዳየው ነገራት። «ሂድና በዐይንህ አይተህ ና» አለችኝ። ልክ መሆኔን ላረጋግጥላት ተነሣሁ።

መንገድ ላይ

ከደሴ ማሽላ በጫነ መኪና ላይ በሦስት ብር ወጣሁ። የቆቦ አቧራ ጉሮሮዬን ዘጋው፤ ኮረም በብርድ አደርኩ። አላጌ ላይ ሞተሩ ስለ ጋለ ዳገቱን በእግር ወጣን። ሳጉረመርም ሾፌሩ፣ «አባባ፣ መኪናውም እንደ እርስዎ አርጅቷል፤ ተዛዘኑ እንጂ» አለኝ። መልስ ነበረኝ፤ ትንፋሽ ግን አልነበረኝም።

መቀሌ

በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገባን። ገበያው ዳር ግመሎች ጨው ያራግፋሉ። አንዲት ሕምባሻ ሻጭን «የወሎው ሰይድ ሱቅ የት ነው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሰዒድ ማለትዎ ነው?» አለች፣ ዒን ከጉሮሮዋ ጎትታ።

«ሰይድ።»

«እንዲያ የሚባል የለም። ሰዒድ ግን ያውና።»

ጨርቅ እየቀደደ በትግርኛ ይከራከራል። ቀና ሲል የዘሀራን ግንባር አየሁ።

«አጎቴ፣ እርስዎ ነዎት?»

«መቼ ነው እኔ እርስዎ የሆንኩት?»

«እዚህ ታላቅን አንተ አንልም» ብሎ ጉልበቴን ሳመ። ውሃ አጠጣኝ። ከዚያ የእናቱን ደኅንነት ጠየቀ፤ ደብዳቤው ስለ ምን መልስ እንዳጣም። ደከመኝ፤ መዋሸትም አልቻልኩም።

«ሰደቃህ ተበልቷል።»

«ሞተ ብሎ ማን ነገራችሁ?»

«እኔ። አጻጻፍህ የእኛ አይደለም።»

መቀሱን አስቀመጠ። «በአንድ ሐ እና በአንድ ዐ ቀበራችሁኝ?» አለ። «አጎቴ፣ ሶላት ቆመው አልሐምዱን ሲቀሩ ሐን ከየት ያወጧታል?»

«ከጉሮሮዬ ነዋ።»

«እዚህ ደግሞ በሶላት ብቻ ሳይሆን በገበያም ከጉሮሮ ትወጣለች። ስሜም ዐ አለበት። እርስዎ ነዎት ያጎደሉብኝ።»



ማታ ቤቱ ሌላ ደብዳቤ ጻፈ። ዘሀራ እንድታምን «አንቺ» በል አልኩት። የሚስቱ አባት አቦይ ስራጅ አጠገባችን ተቀምጠው ኖሮ፣ «ለእናት አንቺ ይባላል ወይ፣ ወደይ፣ ልጄ? ነውር እኮ ነው» አሉ።

«አቦይ፣ በእኛ አገር አንቺ ያላለ ልጅ እናቱን ተቀይሟል» አላቸው። አንቺን ጻፈ። «ፊርማህንም ሰይድ በለው» ብዬ ብለምነው ግን፣ «ይህን አልጽፍም። አሁን የምጠራበት ሰዒድ ነው» አለኝ።

ቤት

በተመለስኩ ዕለት ጎረቤት ተሰብስቦ አነበብኩት። «አንቺ» የሚለው ጋ ስደርስ ዘሀራ ድገመው አለች። አምስት ጊዜ አስደገመችኝ። ሐ እና ዐ በእኔ አፍ እንደ ወትሮው አለፉ፤ ማንም አልሰማቸውም። ለካ ያኔም ያያቸው የእኔ ዐይን ብቻ ነበር።

እንግዲህ ያደረግሁት ይህ ነው፤ አላጌን በዚህ ጉልበት በእግሬ ወጥቻለሁ። የጠፋ ልጅ አግኝቻለሁ። ሐንና ዐን ከነቦታቸው መጻፍ ጀምሬያለሁ፤ እስካሁን የምስተው ጥቂት ነው። በተሰበሰበው ሰው ፊትም «ልጅሽን የቀበርኩት እኔ ነኝ» ብዬ የእህቴን እግር ይዣለሁ። በአገራችን ይህን የደፈረ ጸሐፊ ከእኔ በፊት አልነበረም።