የኬ ሹዪን ሁለት ጣቶች

እ.ኤ.አ. ኖቬምበር 19 ቀን 2013 ከሰዓት በኋላ ኬ ሹዪን በሥራ ክፍሏ ወንበር ላይ እንደተቀመጠች ስትሞት፣ በድንጋዩ ሙቀጫ ውስጥ ግማሽ የተወቀጠ ጭቁኝ፣ ለመድኃኒት የሚሆነው ቅጠል፣ ነበረ። ጅማቱ አልተለቀመም፤ ቅጠሉም ገና ጥጥ አልሆነም። ያን ያህል ታግሦ የሚወቅጥ ሌላ ሰው በቤቱ ስላልነበረ እንዲሁ ቀረ።

ቤቱ ከያንግዜ ወንዝ ዳር ባለችው አሮጌ ከተማ፣ ከዓሣ ገበያው በላይ ነው። ሹዪን በምራትነት የገባችው በሃያ ዓመቷ ነበር። ሙያውን ያስተማረቻት አማቷ ናት፤ ቅጠሉን በአምስተኛው ወር በአምስተኛው ቀን፣ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ ማጨድ፣ ሦስት ዓመት በጆንያ ማስተኛት፣ ወቅጦና በጥሶ ጥጥ ማድረግ፣ በስስ ወረቀት መጠቅለል፣ ከዚያም የጥቅሉን ጫፍ አቀጣጥሎ ከገላ ሳያስነኩ ቀዝቃዛውን ሆድ፣ የደነዘዘውን ጉልበት ማሞቅ። ጥሬ ቅጠል ይናደፋል፤ ያደረ ቅጠል ግን ሙቀቱ እንደ እናት እጅ ነው ይሉ ነበር አሮጊቷ።

ታናሽየው ልጃቸው ጓን ዴሹን ይህን ሙያ ፈልጎት ነበር። እናቱ ግን እጁን አይተው፣ "አንተ ትቸኩላለህ" አሉትና ለምራታቸው ሰጡት። እሱም ያን ቀን የዋጠውን ነገር አርባ ዓመት ሙሉ ሲያመነዥከው ኖረ። "እናቴ ሙያዋን ለባዳ አወረሰች" ይላል፣ ሰው ባገኘ ቁጥር። የሹዪን ባል ከሞተ በኋላ ቤቱ በዴሹን ስም ዞረ፤ ሁለቱም ያኔ ዓይንና ናጫ ሆኑ። እሱ ከነሚስቱ በጓሮ በኩል ይኖራል፣ እሷ በመንገዱ በኩል። መካከላቸው ትንሽ ግቢና አንድ የውስጥ በር አለ።

የመንገዱን ክፍል ለስልክ ነጋዴ ሊያከራየው ፈልጎ ሦስት ጊዜ ለሰፈር ኮሚቴ ከሰሳት። ጢሱ ያፍነኛል አለ። ልብሴ ይሸታል አለ። ኮሚቴው በመጨረሻ አንድ ነገር ወሰነ፤ በእሳቷ ሰው እስካልተጎዳ ድረስ ክፍሉ የሷ ነው፤ አንድ ሰው ካቃጠለች ግን ትወጣለች። ሹዪን ይህን ስትሰማ አልተከራከረችም። ልጅ የላትም፤ ክፍሏን ካጣች መሄጃ እንደሌላት ታውቃለች።

በሞተችበት ዓመት፣ መከር ሲገባ፣ አንድ ጠዋት የሩዝ ገንፎዋን ሳትጨርስ፣ ከግቢው ጩኸት ሰማች።

"ኑ እዩልኝ! ኑ እዩ ያደረገችኝን!"

ዴሹን በርጩማ ላይ ተቀምጦ ቀኝ እግሩን ወንበር ላይ ዘርግቷል። የስኳር በሽታ ካደረበት ቆይቷል፤ ከቁርጭምጭሚቱ በታች ድንጋይ ብትጥልበት አይሰማውም። ከአውራ ጣቱ ሥር እንቁላል የሚያህል እባጭ ተነፍቶ፣ መሐሉ ጠቁሯል። ሚስቱ ሊያንፌን አጎንብሳ የሎተስ ሥር ትቆርጣለች፤ ቀና አላለችም።

የኮሚቴዋ ወይዘሮ ፔንግ ደርሳ ነበር። ሰውየው ገና ጎህ ሲቀድ ነው ያስጠራት።

"ሐሙስ ዕለት መጥታ አሞቀችኝ" አለ። "እምቢ ብላት፣ 'ዝም ብለህ ተቀመጥ' አለችኝ። እሳቱን አስጠግታ ሌላ ሰው ታዋራ ነበር።"

"የማንን ስም ጠራህ?" አለች ሹዪን። "እኔ የአንተን እግር? አንተን እንኳን ላሞቅህ ብትቃጠል ውኃ አልረጭብህም።"

"ሰማሽ፣ ወይዘሮ ፔንግ? በአፏ መሰከረች!"

"እትዬ ሹዪን፣ ተዪው" አለች ፔንግ። "ነገሩን በቀስታ እንየው።"

ሹዪን ቁስሉን ጎንበስ ብላ አየች። "እኔ ስሠራ እነዚህ ሁለቱ ጣቶቼ ከቦታው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ" አለች፣ ሌባ ጣቷንና መሐል ጣቷን ዘርግታ። "ሕፃን ሆነ የደነዘዘ እግር ሆነ፣ ታማሚው ባይሰማው ጣቴ ይሰማልኛል። እዚህ እስኪጠቁር ድረስ እሳት ብይዝበት ጣቶቼ ቀድመው ይጠበሱ ነበር።"

ዴሹን ሳቀ። "ጣት? ያ የአህያ ኮቴ ነው! ስንት ዓመት ስትጠብሺው ኖረሻል፤ ምን ይሰማዋል? የቆዳ ፋብሪካ ውሰጂው!"

ሊያንፌን ቢላዋዋን አቆመች።

ፔንግ የሹዪንን እጅ ይዛ አገላበጠችው። ቆዳው እንደ ደረቀ መንደሪን ልጣጭ ቡናማ ሆኗል። "እውነት ይሰማሻል?" አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ።

ሹዪን እጇን ከፔንግ እጅ ሳበች። ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሌባ ጣቷ ሙቅና ቀዝቃዛ አይለይም፤ ይህን ለማንም አልተናገረችም። ከዚያ ወዲህ የምትሠራው በመሐል ጣቷ ነው፤ እሱም አንዳንድ ቀን ዘግይቶ ነው የሚነግራት።

"ጥቅል አምጪና ሞክሪኝ" አለች።

"እኔ ልያዝላት!" አለ ዴሹን።

"አንተ ቁጭ በል።"

ፔንግ ከሹዪን ክፍል ማድረቂያ ላይ አንድ ጥቅል አምጥታ ለኩሳ ጫፉ እስኪቀላ ተነፈሰችበት። ሹዪን ሁለቱን ጣቶቿን ሌላ በርጩማ ላይ ዘረጋች። እሳቱ ቀረበ። ዓይኗን ከመሐል ጣቷ ላይ አልነቀለችም። ቶሎ ብትስብ ዴሹን ፈርታ ነው ይላታል፤ ብትዘገይ ክፍሏ ሄደ።

"ተይ!" አለች ሊያንፌን። ቢላዋው ከእጇ ወድቆ ድንጋዩ ላይ ጮኸ። "ተዪያት፣ ወይዘሮ ፔንግ። ራሱ ነው ያደረገው።"

"ዝም በይ አንቺ!"

"አርባ ዓመት ዝም አልኩ። ጥቅሉን ከሷ ማድረቂያ ላይ በውስጡ በር ገብቶ ወሰደ። 'ሣር ማቃጠል ምን ሙያ አለው' አለ። በጫማ ሳጥን ላይ አስደግፎ፣ እግሩን አስጠግቶ ቴሌቪዥን ያያል። እኔ ነኝ የሥጋ ሽታ ሸቶኝ ከወጥ ቤት የሮጥኩት። ወጡ ያረረ መስሎኝ ነበር።"

ፔንግ ሳቋን ለመዋጥ አንገቷን አዞረች። ዴሹን ሚስቱን አያት፤ ቀጥሎ እግሩን፣ እግሩ የከዳው ይመስል።

"ክፍሉ የእትዬ ሹዪን ነው" አለች ፔንግ ጥቅሉን አመድ ውስጥ እየቀበረች። "አሁን ታረቁ። አንድ ቤት ናችሁ። አንቺም ከዛሬ ጀምሮ እግሩን በደንቡ ያዢለት።"

"ቁስል ላይ እሳት አላደርግም" አለች ሹዪን። "ዛሬውኑ ሐኪም ቤት ይውሰዱት፤ ያ የጠቆረው ቀልድ አይደለም። ሲድን፣ ከፈለገ፣ በመንገዱ በር ይምጣ። አግዳሚው ላይ ተራውን ይጠብቅ።"

"በገዛ እናቴ ቤት? በመንገድ በር?"

"እንደማንኛውም ሰው።"

"ሞቼ ነው!"

"ሞተህም የምትወጣው በመንገዱ በር ነው።"

ሐኪም ቤት አውራ ጣቱን ቆረጡት፤ እግሩ ግን ተረፈ። በመንገዱ በር አልመጣም። በክራንች እየተደገፈ ማታ ማታ በውስጡ በር ይገባና የጢሱን ሽታ ይሳደባል፤ ሲወጣ ማድረቂያውን በክራንቹ ይነካካዋል። ሁለት ጊዜ ጥቅሎቿ መሬት ላይ ተበትነው አገኘች። ሊያንፌን አንድ ቀን በመስኮት፣ "እትዬ፣ ይቅር በዪው፤ ሕመም ነው" አለቻት። ሹዪንም፣ "ሕመሙ ከእግሩ ከመጀመሩ በፊት አውቀዋለሁ" አለችና መስኮቱን ዘጋች። ለሊያንፌን ያን ጠዋት ስላደረገችላት ነገር አንዲት ቃል ምስጋና አልተናገረችም፤ ልትናገርም አልቻለችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ሕፃን ያመጣላትን ሁሉ ወደ ሌላ ሰው ትልክ ነበር፤ ምክንያቱን አልገለጸችም።

በሞተችበት ቀን ጠዋት ወደ ብረታ ብረት ሱቅ ወረደች። የውስጥ በር መቀርቀሪያ ፈለገች፣ ወፍራሙን።

"ለሌባ ነው እንዴ አክስቴ?" አለ ባለ ሱቁ።

"ለዘመድ።"

"እንግዲያው ትልቁን ውሰጂ።" ሳቀ፤ እሷ አልሳቀችም። የብሎን መፍቻ ስላልነበራት የራሱን አዋሳት።

መቀርቀሪያውን በውስጡ በር ላይ፣ በራሷ በኩል ራሷ መታችው። ብሎኖቹን በመሐል ጣቷና በአውራ ጣቷ ይዛ፣ አሮጌው እንጨት ውስጥ አንድ በአንድ አሰረቻቸው። ከወዲያ ማዶ ዴሹን "ምንድን ነው የምትቀጠቅጪው?" ብሎ ጮኸ። መቀርቀሪያውን ሁለቴ ገፍታ ሁለቴ ሳበችው። ከዚያ እጇን ታጠበች፣ ካፖርቷን ደረበች፣ መፍቻውን በጋዜጣ ጠቅልላ ለባለ ሱቁ መለሰች።