ሎኬሽኑ አባባ የተቀመጡበት ላይ ነው

«ለመሆኑ ይቺ ስልክሽ ዓሣ በልታ ታውቃለች?» አሉኝ አባባ፣ ዓይን ዓይኔን እያዩ።

አባባ አቃቂ ጎረቤታችን ናቸው። አባ ሳሙኤል ግድብ ዳር በመንጠቆ ዓሣ እያወጡ፣ ቃሊቲ ላለች አንዲት ዓሣ ቤት እየሰጡ ይኖራሉ። እኔ ደግሞ አስራ ሁለተኛን ጨርሼ ቤት መዋል ስላላስቻለኝ ቅዳሜ ቅዳሜ እከተላቸዋለሁ።

እንዲያ ያሉኝ ያለ ምክንያት አልነበረም። የስልኬ ካርታ ላይ አንድ ሰማያዊ ጥግ አይቼ፣ «አባባ፣ ውሃው እዚህ ጋ ነው የሚጠልቀው፣ ይመኑኝ» ብዬ በዚያ ፀሐይ አንድ ሰዓት አስኬድኳቸው። ስልኬ ደርሳችኋል አለች። የደረስነው እምቦጭ ላይ ነው። ለካ የካርታው የሳተላይት ፎቶ የተነሳው አረሙ ውሃውን ሳይሸፍነው በፊት ኖሯል። አጠገባችን የቆመች ላም እንኳ ሣር መስሏት ልትገባበት ምንም አልቀራትም።

ያን ቀን የራሳቸውን ቦታ አሳዩኝ። የመስጊዱ ሚናራ ከዋርካው ጀርባ እስኪደበቅ በዳርቻው ይሄዳሉ፤ ከዚያ የፋብሪካው ጭስ ማውጫ ከመብራት ምሰሶው ጋር እስኪገጥም ወደ ውሃው ይወርዳሉ። እዚያ ቁጭ። ልስቅ አፌን ስከፍት የመጀመሪያው ቆሮሶ ዓሣ ወጣ። ብዙም ሳይቆይ ሁለት ተከተሉት።

«ለሰው እንዳትናገሪ፤ እንጀራዬ ናት» አሉኝ።

«ኧረ አባባ፣ እኔ ለማን እናገራለሁ!»

እውነቴን ነው፣ ለማንም አልተናገርኩም። ዝም ብዬ ካርታዬ ላይ ምልክት አደረግኩባትና ላንድ ጓደኛዬ ብቻ ላክሁለት፣ ያውም ካርታ ማወቄን እንዲያይልኝ። እሱም የታመነ ልጅ ነው፤ ላንድ የቴሌግራም ግሩፕ ብቻ ነው የላከው።

በሚቀጥለው ቅዳሜ አባባ ገና መንጠቋቸውን እንደጣሉ ስድስት ጎረምሶች ስልካቸው ላይ አቀርቅረው ቁልቁል ወረዱ። አንደኛው እሳቸው ጋ ሲደርስ ቆመ።

«ፋዘር፣ ትንሽ ፈቀቅ ይበሉልን። ሎኬሽኑ እርስዎ የተቀመጡበት ላይ ነው የሚለው።»

«የምን ሎኬሽን?»

ልጁ ስልኩን ጠጋ አድርጎላቸው ራሱ አነበበላቸው። «ይኸው፤ ‹የአባባ ቦታ፣ ለማንም እንዳትልክ› ይላል።»

ጎረምሶቹ ሳቁ። አባባ አልሳቁም። ክራቸውን ጠቀለሉ፣ የትል ቆርቆሯቸውን ከደኑና ተነስተው ቦታውን ለቀቁላቸው። ስድስት መንጠቆ ባንዴ ውሃው ውስጥ ጧ ጧ አለ። እንዲህ እየተንጫጩበት የሚነክስ ዓሣ የለም።

«ለዓሣ ቤቷ ሴትዮ ምን ልበላት?» አሉ፣ ወደ ውሃው እያዩ።

«አባባ፣ እኔ እኮ…»

«ሂጂ ልጄ። ሂጂ።»

ዳገቱን ወጣሁ። አስፋልቱ ላይ አንድ ባጃጅ አስቆምኩና ወደ አቃቂ አልኩት።