ከጋቢው ስር የወጣው ጨረታ

ጋሽ ሁሴኖ አሰላ ከብት ተራ ዕድሜያቸውን የፈጁ ደላላ ናቸው። ገዢና ሻጭ በእሳቸው ጋቢ ስር እጅ ለእጅ ተያይዘው፣ ጣት እየጨበጡ ዋጋ ይነጋገራሉ። መዳፍ ሙሉ ከተጨበጠ «ያለኝ በሙሉ ይኸው» ማለት ነው። አጠገባቸው የቆመ ሰው ምንም አይሰማም። ለጋሽ ሁሴኖ ዋጋን ጮክ ብሎ መናገር ራቁትን ገበያ እንደመውጣት ነው።

ዘንድሮ ጉልበታቸው አስቸገራቸውና ዳማ ፈረሳቸውን ለመሸጥ ቆረጡ። ልጃቸው አስያ ስፌት ተምራ በሰው መኪና ተራ እየጠበቀች መስፋቷ አንገብግቧቸዋል፤ በፈረሱ ዋጋ የራሷን መኪና ሊገዙላት ነው። ከብት ተራ የሰጧቸው ዋጋ ግን የመኪናውን እግር እንኳ አይገዛም። ስለዚህ አስያ ፈረሱን የኢንተርኔት ጨረታ ላይ አወጣችው።

«አንዱ ያቀረበው ዋጋ ለሌላው እንዳይታይ፣ ደብቂው» አሏት ጋሽ ሁሴኖ።

«አባ፣ ሰው እኮ ሰው ያለበትን ነው የሚያየው።»

«ደብቂ አልኩሽ!»

ምን ታድርግ፣ ደበቀችው። የጨረታው ሳምንት ሊያልቅ ሲል ገጹን የከፈተው ጥቂት ሰው ነው፤ ከእነሱም አንዱ እኔ ጎረቤታቸው ነኝ፣ እኔ ደግሞ ፈረስ አልገዛም። የመጣው ዋጋ ከከብት ተራውም ያነሰ ሆነ። ጋሽ ሁሴኖ ኢንተርኔቱን ረገሙት። እኔ የተናደድኩት በእሳቸው ነው።

«ጋሽ ሁሴኖ፣ ጭር ያለ ሱቅ ማን ይገባልዎታል? ሦስተኛው የሚመጣው ሁለቱ ሲሻሙ ሲያይ ነው» አልኳቸው።

ወደ አስያ ዞር ብለው «በይ ግለጪው» አሏት።

አስያ ዋጋውን ገልጣ፣ ፈረሱ ሜዳ ላይ ሲጋልብ የሚያሳይ ቪዲዮም ለቀቀች። ከዚያማ ምን ልበላችሁ! የሳጉሬ ከተማው ሰው ለሁሩታ፣ የሁሩታው ለዴራ ላከው። አብዛኛው ሰባራ ሳንቲም የሌለው ወሬኛ ነው፤ ግን ተመልካቹ ሲበዛ እውነተኛ ገዢዎችም መጡ። የሳጉሬው እህል ነጋዴ ከሊል ሲጨምር አንድ የሁሩታ ገበሬ ይጨምርበታል። ጋሽ ሁሴኖ ስልኩ ላይ ተተክለው «ኢቲ ደበሊ! ጨምር እንጂ!» ይላሉ።

ከሊል አሸነፈ። ያቀረበው ዋጋ መኪናውን ገዝቶ ለጨርቅም ይተርፋል።

ገንዘቡን በስልክ ልኮ ፈረሱን ሊወስድ ሲመጣ፣ ጋሽ ሁሴኖ እንደልማዳቸው እጃቸውን በጋቢያቸው ስር ዘረጉለት። ከሊል ግራ ገባው፤ ዋጋውን እኮ አገር አውቆታል። የተዘረጋው እጅ ብቻውን ቀረ። አስያ ጠጋ ብላ የራሷን እጅ አስገባች።

ፈረሱ እስኪርቅ አባትና ልጅ እንደዚያው ቆሙ። እኛ ምንም አልሰማንም። በኋላ «ስንት አሉሽ?» ብዬ ጠየቅኳት።

እንባዋን እየጠረገች «አባ መዳፌን ሙሉ ጨበጠው» አለችኝ።