በአመድ የታሸው ሰዓት

እናቴ ብረት ነክ ዕቃ ሁሉ በአመድ ካልታሸ ጸዳ ብላ አታምንም። ሱሉልታ ቤታችን ውስጥ ድስቱም፣ ኩባያውም፣ ማንኪያውም ቅዳሜ ቅዳሜ በአመድ ታሽቶ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ስለዚህ የወንድሜን ስማርት ሰዓት በአመድ ማሸቷን ስሰማ መገረም አልነበረብኝም። ግን ተናደድኩ። እኔ ሲከፋኝ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው።

ወንድሜ ገላን ውስጥ በአንድ መጋዘን ዕቃ ሲጭንና ሲያወርድ ኖሮ፣ ባለፈው ክረምት ታሞ ሞተ። ሰዓቱን እናቴ እጇ ላይ አሰረችው። እጇን ቀና ስታደርግ ስክሪኑ ይበራና የእሱ ፎቶ ይመጣል፤ ጥጃ አቅፎ ሲስቅ። ያንኑ ፎቶ በትልቁ አሳጥቤ ግድግዳ ላይ ሰቀልኩላት። ዞር ብላም አላየችው።

«የግድግዳው ዝም ብሎ ቆሟል» አለችኝ። «ይሄኛው ስጠራው ይመጣል፣ ኢንታላ ኮ፣ ልጄ።»

መስታወቱ ላይ ከመጋዘኑ ሥራ የተረፉ ቀጫጭን ጭረቶች ነበሩ። እሷ እድፍ መሰሏት። እንዳይጎዳው አመዱን በነጠላዋ ጫፍ ነፍታ፣ በጣቷ ቀስ አድርጋ አሸችው። ሲደበዝዝባት ገና አልጠራም ብላ በሳምንቱ ደገመችው። እንዲህ ስታደርግ ከርማ ነው «ፊቱ እየራቀኝ ነው፣ ሰዓቱን አሠሪልኝ» ብላ የደወለችልኝ፤ በአመድ ማሸቷንም ያኔ ነው የሰማሁት።

እኔ በምኖርበት በቡራዩ ወዳለ ሞባይል ጠጋኝ ወሰድኩት። መብራት ስር አገላብጦ አየው።

«ይሄ በጥርስ ሳሙና የሚለቅ ጭረት አይደለም። መስታወቱ ተፍቋል። ልቀይረው እችላለሁ፤ ግን ሲነሣ ስክሪኑ አብሮ ሊበላሽ ይችላል።»

በምን እንደታሸ ጠየቀኝ። በአመድ አልኩት። አልሳቀም። ለማስከፈት አልደፈርኩም፤ እንዳለ ይዤው ስመለስ ታክሲ ውስጥ አለቀስኩ።

እናቴ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር።

«ምን አለሽ?»

«አርጅቷል አለ፣ እማዬ። ሰዓት ሲያረጅ ይደበዝዛል።»

እጇ ላይ አሰርኩላት። ቀና አደረገችው፤ በራ። ጥጃውም ልጇም ጉም ውስጥ ናቸው። ወዲያው አመድ ልትዘግን ወደ ምድጃው ሄደች። ተይ ልላት ፈለግኩ። ለምን ብላ ብትጠይቀኝ ምን እላታለሁ? እውነቱን ከነገርኳት የልጇን ፊት በገዛ እጇ እንዳጠፋችው ታውቃለች። ዝም ካልኩ ደግሞ የቀረውንም ታጠፋዋለች።

«ለእኔ ተይልኝ» አልኳት። «ለእኔም እኮ ወንድሜ ነው። ከእንግዲህ እኔ ልወልውልልሽ።»

ቀና ብላ አየችኝ። ከዚያ የዘገነችውን አመድ ወደ ምድጃው መለሰችው።

አሁን ቅዳሜ ቅዳሜ ከቡራዩ እየሄድኩ በለስላሳ ደረቅ ጨርቅ፣ ሳልጫን እወለውለዋለሁ። እሷ አጠገቤ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ባለፈው ቅዳሜ ሰዓቱን ተቀብላኝ አሰረችውና እጇን ቀና አደረገች። እኔ የታየኝ ጉም ብቻ ነው።

«ዛሬ ጠራ» አለችኝ።

«አዎ፣ እማዬ» አልኩና ጨርቁን አጣጠፍኩ።