የምንጭ ዳር ጎመን

ዛሬ መካነ ሰላም ገበያ ላይ አንዲት ሴት ጎመኗን ከጆንያ ስትዘረግፈው የቀዝቃዛው ቅጠል ሽታ አፍንጫዬን አወደው፤ መግዛቱንም ረስቼ ቆምኩ። ውርጭ ነክቶት የተረፈ ጎመን ይጣፍጣል። ካላመንከኝ ቅመሰውና ፍረድ።

ያኔ የምንኖረው አቀስታ አጠገብ ነበር። አባቴ ቄስ ነበሩ። ታኅሣሥ ገብቶ፣ የገና ጾም ተይዞ ሳለ እናቴ ታማ ተኛች። አምስት ቀን እህል ባፏ አልዞረም። በስድስተኛው ቀን፣ ቅዳሜ ዕለት፣ "ትኩስ ጎመን ቢገኝ እቀምስ ነበር" አለች። አባቴ ቀና ብለው አዩኝ። ነጠላዬን አጣፍቼ ወጣሁ።

ግን ጎመን ከየት ይምጣ? ውርጩ የመንደሩን ጓሮ ሁሉ ለብልቦታል፤ ቅጠሉ ጠቁሮ፣ ሲነኩት እጅ ላይ ይሟሽሻል። ሦስት ቤት ገብቼ ባዶ እጄን ወጣሁ። ስዘገይ እናቴ ሐሳቧን የምትለውጥ እየመሰለኝ እሮጥ ነበር። ምንጭ ዳር የሚኖሩት ሙስሊም ባልቴት ግን የጎመን መደባቸውን ማታ ማታ ጭድ ያለብሱት ኖሯል። ጭዱን ገለጥ ሲያደርጉት አረንጓዴው ብቅ አለ።

"አብሽሪ ልጄ፣ አላህ ያሽራታል" አሉና ያለውን ሁሉ ቀንጥሰው ነጠላዬን ሞሉልኝ።

ቤት ስደርስ ጣቶቼ በብርድ ደንዝዘው ነበር። እሳቱን አያይዤ፣ ጎመኑን ቀርድጄ፣ እጄ የገባውን ሸክላ ድስት ጣድኩ። መፍላት ሲጀምር ቅቤ ቅቤ ሸተተኝ። የጾሙን ድስት ትቼ የፍስኩን ጥጄዋለሁ። ሌላ ጎመን ደግሞ የለም። እውነቱን ልንገርህ፣ ዝም ብዬ አቀረብኩላት።

እናቴ ገና ሳትጎርስ አሸተተችው። ሳህኑን ገፋ አደረገችው።

"ለታመመ ተፈቅዷል" አሏት አባቴ።

"እርስዎ እየጾሙ እኔ ቅቤ ልብላ?" አለችና ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

እኔ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። አባቴ እጃቸውን ታጠቡ፤ አንድ ጎረሱ፤ አላመጡ፤ ዋጡ።

"በይ እንግዲህ፣ አሁን አብረን ነን" ብለው ሁለተኛውን ለእሷ ዘረጉላት። እያለቀሰች በላች።

እናቴ ከዚያ በኋላ ቀስ በቀስ ተነሳች፤ ዛሬም አለችልኝ። የሌሉት አባቴ ናቸው።

በማግስቱ እሑድ አባቴ መቅደስ አልገቡም። ከምእመኑ ጋር ዛፍ ሥር ቆሙ። ሰው እየተጠቃቀሰ ያያቸዋል። አንድ ሽማግሌ ጠጋ ብለው፣ "አባታችን፣ ምነው ዛሬ ውጭ ቆሙ?" ሲሏቸው ከጎናቸው ሆኜ አቀረቀርኩ።

"በራሴ ጥፋት ነው" አሉ አባቴ፤ በጋቢያቸው ውስጥም እጄን ፈልገው ያዙት።