አራት ጊዜ የጠበበ ሱሪ

ልብስ ሰፊው ሰውን የሚያውቀው በወገቡ ነው። ፊት ይረሳል፣ ስም ይረሳል፤ ልክ ግን አይረሳም። ከአሥር ዓመት በኋላ ብቅ ያለ ደንበኛ ገና ከበሩ ላይ ሳለ፣ «አንተ ሰላሳ አራት አልነበርክም እንዴ? ማን ቀልቦህ ነው?» ብሎ ያሳፍረዋል። እጁን የማያደንቅ የለም፤ ምላሱን የሚችለው ግን ጥቂት ነው። እንግዲህ የራሱን ወገብ ልብ ሳይል የቀረው ይኸው ሰው ነው።

የጀርባው ታችኛው ክፍል ያመው ሲጀምር ከቁም ነገር አልቆጠረውም። አርባ ዓመት አንገቱን ደፍቶ የስፌት መኪና ሲረግጥ የኖረ ሰው ጀርባውን ባያመው ነበር የሚገርመው። ጎረቤቱ ጫማ ጠጋኙም የነገረው ይህንኑ ነው።

«ወንበርህ ነው የሚገድልህ። እንደ ተጎለትክ ትውላለህ። ተነስ፣ ተንቀሳቀስ እንጂ ሰውዬ!»

«አንተስ ቆመህ ነው ጫማ የምትጠግነው?»

«እኔማ ምን አለብኝ፣ ማታ ስገባ ሚስቴ ታሽልኛለች።»

ጫማ ጠጋኙ ይህን እንዳለ ደነገጠ። ልብስ ሰፊው ሚስቱን ከቀበረ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነበር። «ምንም አይደል» አለና ክር መርፌው ውስጥ ወደ ማስገባቱ ተመለሰ።

ምክሩን ግን ሰማ። መደገፊያ ያለው ወንበር ገዛ፤ እንዳያጎነብስ ጠረጴዛውን በጡብ ከፍ አደረገው። በየግማሽ ሰዓቱ እየተነሳ እስከ መንገዱ ጫፍ ደርሶ ይመለሳል። ጣቃ ጨርቅ ብቻውን መሸከምም ተወ። ሁሉም ደህና ምክር ነው፤ ሌላውን ሰው ያድነው ነበር። እሱን ግን ሕመሙ ተኝቶም አልተወውም። ወንበር ያመጣው ሕመም አልጋ ድረስ ተከትሎ እንደማይመጣ ያኔ መጠርጠር ነበረበት። ጠዋት ጠዋት ካናቴራው በላብ ርሶ ሲያገኘውም ብርድ ልብሱን ረገመ።

በሦስተኛው ወር ሱሪው ከወገቡ ይንሸራተት ጀመር። ሌላ ሰው ቢሆን ቀበቶውን ያጠብቅ ነበር። ለልብስ ሰፊ ግን ልኩ ያልሆነ ሱሪ በቀበቶ ጠፍሮ መሄድ ነውር ነው። ስፌቱን ፈታ፣ ሁለት ሴንቲ አስገባ፣ መልሶ ሰፋና ተኮሰው። መስታወት ፊት ዞር ዞር ብሎ አየውና፣ «የት ይገኛል እንዲህ ያለ እጅ!» አለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እንደገና አጠበበው። ከዚያም እንደገና። አራት ጊዜ።

ሚስቱ ብትኖር በመጀመሪያው ጊዜ፣ «ምነው እንዲህ ከሳህ?» ብላ ቤቱን ቀውጢ ታደርገው ነበር። አሁን ማን ይበለው? ሩቅ አገር ያለችው ልጁ አልፎ አልፎ ትደውላለች። «አባዬ፣ ደህና ነህ?» ትላለች። «ደህና ነኝ» ይላል። መዋሸቱ እኮ አይደለም! አንጀት የሚበላው ይሄ ነው፤ ብቻውን የሚኖር ሰው ዓይኑ እያየ ሲያልቅ የሚነግረው የለም።

በአምስተኛው ወር አንድ ጠዋት ቀኝ እግሩ የስፌት መኪናውን ፔዳል አልረግጥ አለው። እሱ ያዘዋል፣ እግሩ ይዘገያል። ያኔ ፈራ። ሱቁን ዘግቶ ወደ ጤና ጣቢያ ሄደ።

ሐኪሟ የልጁ እኩያ ናት። ጀርባውን በጣቷ እየተጫነች ጠየቀችው።

«ክብደት ቀንሰዋል፣ አባባ?»

«ኧረ በጭራሽ! ሱሪዬ እንደሆነ ልክክ እንዳለ ነው።»

ሐኪሟ የሱሪውን ወገብ ገለጥ አድርጋ አየችው። ከውስጥ በኩል የታጠፈ ጨርቅ ተደራርቧል፤ የተፈታው ስፌት ቀዳዳም አለ።

«ይሄን ማነው ያጠበበው?»

«እኔ ነኝ» አለ ኮራ ብሎ።

ወዲያው ያለው ነገር ለራሱ ተሰማው። ሁለት ሁለት ሴንቲ፣ አራት ጊዜ። ደንበኛ ቢሆን ከበሩ ላይ ይጮህበት ነበር።

«ይስሙኝ፣ አባባ» አለች ሐኪሟ ረጋ ብላ። «ተቀምጦ መዋል፣ አጎንብሶ ከባድ ማንሳት፣ የብዙ ሰው ጀርባ የሚታመመው በዚህ ነው። አብዛኛው ሰው እየተንቀሳቀሰ በጥቂት ሳምንት ይሻለዋል። ተኝተው እንኳ የማይተው፣ የሚያከሳ፣ የሚያልብ ሕመም ግን ሌላ ነው፤ ቶሎ መታየት አለበት። እግር ከሰነፈ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ ወይም ብሽሽት ከደነዘዘ ደግሞ ዛሬ ነገ የለም፣ በዚያው ቀን ነው የሚመጣው።»

ራጅ ተነሳ፣ ምርመራው ሁሉ ተደረገ። የጀርባ አጥንት ቲቢ ነው ተባለ። ይድናል። ትንሽ ቢቆይ ኖሮ ግን እግሮቹን ሊያጣ ይችል ነበር።

መድኃኒቱን የምትሰጠው ነርስ እንደማፈር አለች። «የመጀመሪያዎቹን ሁለት ወር እዚህ እየመጡ ፊታችን ነው የሚውጡት። ሰው ሁሉ ይማረርብናል፤ ግን ማየት አለብን። ክብደትዎንም እንከታተላለን።»

«በየቀኑ ታዩኛላችሁ?»

«በየቀኑ። ምን እናድርግ ብለው ነው።»

ልብስ ሰፊው የኮቱን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆለፈ። ለመሄድ ተነሳና በሩ ጋ ቆመ።

«እሁድስ፣ ልጄ?»

«እሁድ እንኳ ዝግ ነን» አለች ነርሷ ፈገግ ብላ፤ ደስ የሚለውን የነገረችው መስሏት። «የእሁዱን እንሰጥዎታለን፤ ቤትዎ ብቻዎን ይውጡታል።»