ሦስት መቶ ማፍያና አንድ ውሸት

የኮሮናው አዋጅ በወጣ በሁለተኛው ሳምንት ፖሊሶች ጆሃንስበርግ አሌክሳንድራ ሰፈር ያለውን ሱቄን አስዘጉኝ። «የውጭ ሰው ያለ ፈቃድ ወረቀት አይከፍትም» አሉ። ከመደርደሪያው ሥር አንዲት አሮጌ የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ አውጥቼ በብብቴ ይዤ ሮዘተንቪል ወዳለው ቤቴ ገባሁ። ባለቤቴ ዘይነባ አይታ፣ «ሌላ የሚያዝ ዕቃ ጠፍቶ ነው ይህችን ዝገት የተሸከምካት?» ብላ ሳቀችብኝ። ዝንጅብል ለማፍላት ሰካኋት። ውሃው ሲንሾካሾክ በሃያ አራት ዓመቴ የሠራሁት ጅልነት ትዝ አለኝ።

ያኔ ሐጂ ሸምሱ ለሚባሉ የስልጤ ነጋዴ ነበር የምሠራው። ሦስት ዓመት ሙሉ ካትሌሆንግ በሚባለው የድሆች ሰፈር ውስጥ አንሶላ ተሸክሜ ቤት ለቤት ዞሬያለሁ። በብርዱ ወራት የከሰሉ ጭስ ጉሮሮዬን ይከረክረኛል፤ በሙቀቱ ወራት፣ እዚህ ዝናብ የሚመጣው በሙቀት ነውና፣ ጥቅሉ ጀርባዬ ላይ ይበሰብሳል። አንድ ቀን ሐጂ ጠሩኝና፣ «ሆንግ ኮንግ ሄደህ ዕቃ ታመጣለህ። ከቀናህ ዕቃ ገዢዬ አንተ ነህ፤ ካልቀናህ አንሶላህ ይጠብቅሃል» አሉኝ።

እንግሊዝ ከተማዋን ለቻይና ካስረከበ ጥቂት ዓመት አልፎ ነበር። እንግሊዙ ሻንጣውን ይዞ ቢሄድም ልማዱን እዚያው ትቶታል። መኪናው እንደ ጆሃንስበርግ በግራ ይነዳል፣ ጎዳናው በእንግሊዝ ሹማምንት ስም ይጠራል። ላቤ እየተንጠባጠበ፣ የተጠበሰ ዳክዬ ሽታ ከየበሩ እየተቀበለኝ ስዞር፣ አገሩን የማውቀው መሰለኝ። ደግሞ አዋቂ መምሰል እወድ ነበር።

ማፍያ የምትሸጠው ሚስ ቻን የምትባል ባለ መነጽር ሴትዮ ነበረች። ናሙናውን እያሳየችኝ፣ «ይህ ስፒና የእናንተን ሶኬት ይገጥማል?» ስትል ጠየቀችኝ። እኔ የምኖረው ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ነበር፤ የማበስለውም በላምባ ምድጃ። ሶኬት ልብ ብዬ አይቼ አላውቅም። ይህን ለመናገር አፈርኩና ደረቴን ነፍቼ፣ «እኛንም እንግሊዝ ነው የገዛን፤ አንድ ነን» አልኳት። ምን ዓይነት ውሸት ነው! አባቴ ቢሰማ ከቤት ያባርረኝ ነበር።

መነጽሯን አወለቀች። «የጠየቅኩህ ስለ ሶኬት ነው» አለችኝ። «ይህን ሱቅ ከእንግሊዝ አልወረስኩትም። እናቴ መንገድ ዳር ክር ሸጣ ያቆመችው ነው። ስለ ቤትህ ስትጠየቅ የሌላ ሰው ስም አትጥራ። ሄደህ እይ።»

እኔ ግን ሦስት መቶ አዘዝኩ።

ካርቶኖቹ ጆሃንስበርግ ደርሰው ሲከፈቱ የስፒናው እግሮች ጠፍጣፋ፣ የግድግዳው ቀዳዳ ክብ ሆኖ አገኘሁት። እንግሊዝ ለእነዚያ አዲሱን ሶኬት፣ ለእነዚህ አሮጌውን ትቶ ሄዷል። የሐጂ ሱቅ ያለበት ሕንጻ ባለቤት፣ አንድ ነጭ ሽማግሌ፣ አንዷን አገላብጦ አየና፣ «እናንተን ማን ንግድ ውስጥ አስገባችሁ? ላስጥልልህ» አለኝ እየሳቀ። ደሜ ፈላ። «አንዷንም አትነካም!» አልኩት። «ሁሉንም አሠራቸዋለሁ።»

ሐጂ ሰውየው እስኪወጣ ጠበቁ። ከዚያ፣ «በሳቁ አትፈር፣ በውሸትህ እፈር። አፍረህ ስትጨርስ ካቻቢቴ አምጣ» አሉኝ።

የሦስት መቶውንም ስፒና ቆርጬ ባለ ክብ እግሩን ገጠምኩ። አውራ ጣቴ ተላጠ። ከዚያ ካትሌሆንግ ወስጄ፣ በዙሉዎች ሰላምታ «ሳውቦና» እያልኩ በየቤቱ እየገባሁ፣ በሰዎቹ ሶኬት ላይ ውሃ አፍልቼ እያሳየሁ ሸጥኳቸው። አንዷን ለራሴ አስቀረሁ። ሐጂም መልሰው ሆንግ ኮንግ ላኩኝ። በዚያ ጉዞ ከግድግዳ የነቀልኩትን ሶኬት በኪሴ ይዤ ሄድኩ፤ ሚስ ቻን ስታየው እስክታነባ ሳቀች።

ማፍያዋ ቀጭ ብላ ጠፋች። ዘይነባ ዝንጅብሉን እየቀዳች፣ «ነገስ?» አለችኝ።

«ለፈቃዱ እሰለፋለሁ።»

«አንተን አይመለከትም ቢሉህስ?»

«ከነገ ወዲያም እሰለፋለሁ።»

በዚያ ዕድሜዬ ጌታ ያለኝ ብመስል በር የሚከፈትልኝ ይመስለኝ ነበር። ዛሬ ግን የአሌክሳንድራውን ሱቄን ማንም አስረክቦኝ እንዳልሄደ አውቃለሁ። በላብ ያቆምኩት እኔ ነኝ፤ ወረቀቱ ላይ የባለቤቱ ስም ሲጠየቅ ሙሉ ስሜን ከነአያቴ እጽፈዋለሁ።